በመሠረት ላይ የተተከለ ድንኳን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ አንድ ነገር አጥብቃ ከልክላኛለች፤ ሰው ቤት ስንጋበዝ ግድግዳ ማንኳኳት። ገና ከበር ስገባ ዓይኔ ወደ ማዕዘን ይሄዳል፤ ጣቴም ዓይኔን ይከተላል። በቅርቡ ሳሪስ ዘመዶቿ ዘንድ ክርስትና ተጠርተን፣ ከመስኮቱ ጥግ ተነስታ ወደ ኮርኒሱ የምትወጣ ስንጥቅ በዓይኔ ስከተል የያዝኩትን ጠላ ጭኔ ላይ ደፋሁት። «ይቅርታ አድርጉለት» አለች የእኔዋ፤ «ፈቃድ ሳታወጡ ቤት የሠራችሁ መስሎት ነው።» ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሱሪዬ ግን እርጥብ ነበር።

የመኖሪያ ቤት ግንባታ ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ። ስሙ ሲጠራ ከበድ ይላል፤ ሥራው ግን የሰው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርዱ ሲወጡ መዋል ነው። መደገፊያ በሌለው ደረጃ ስንት ዘመን የተመላለሰ ጉልበቴ ዛሬ የገዛ ቤቴን ደረጃ ሲያይ ያቃስታል። ደክሞኛል። ይህንን የምጽፈውም ቁጭ ብዬ ልሠራው የምችል ሥራ ሌላ ስላጣሁ ነው።

የጀመርኩት በአንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው፤ ግንበኛ ሆኜ። ግንበኛ ስል ራሴን እያሞካሸሁ ነው። የመጀመሪያውን ግድግዳዬን ፎርማኑ አየና «ይሄ ወዴት እየሄደ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ትምህርት ቤት ገብቼ ዲፕሎማ ይዤ ወጣሁና፣ እኔ ማቆም ያቃተኝን ግድግዳ ሌሎች ሲያቆሙ እንድቆጣጠር ተቀጠርኩ። መንግሥት በእኔ ላይ የነበረው እምነት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

መጀመሪያ የተመደብኩት ሳሪስ ነበር። እዚያ ሥራዬ በአሮጌ ቤት ላይ የሚቀጠል ክፍል ማየት ነው፤ ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ክፍል ወደ ጎረቤት አጥር ይጠጋል። ከዚያ አቃቂ በሰቃ ተዛወርኩ፤ ከታች ብየዳ፣ ከላይ መኝታ ቤት። በመካከሉ ለጥቂት ጊዜ ቱሉ ዲምቱ ተመድቤ ነበር። ኮንዶሚኒየም ስለሆነ የሚገነባ የለም፣ የሚያፈርስ እንጂ። አንድ የተከበሩ ሰው አዲሱ ሶፋቸው አልገባ ቢላቸው ግድግዳውን አውጥተው ሶፋውን አስገብተው ጠበቁኝ። ለምን እንዳፈረሱት ስጠይቃቸው «ግድግዳ ላይ አይቀመጥማ» አሉኝ። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ነው ማስጠንቀቂያ የጻፍኩላቸው። ስለ ደመወዙ ምንም ባልል ይሻላል፤ ይህንን ባለቤቴም ታነበዋለች።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በጋም ክረምትም ጃንጥላ የማይለያቸው። ቁጥጥር ሲሄዱ ቀጥ ብለው ወደ ግንባታው አይገቡም። መጀመሪያ የጎረቤቱን በር አንኳኩተው «እናቴ፣ ውሃ ብታጠጪኝ» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ስኳር ያለባቸው መስሎኝ አዝንላቸው ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ውሃው እስኪመጣ ቆመው የጎረቤቱን ግድግዳ ያነባሉ። በሩን ገፋ አድርገው ከጉበኑ ጋር ይተሻሽ እንደሆነ ያያሉ፣ ወለሉ አብጦ እንደሆነ በጫማቸው ጫፍ ይዳስሳሉ። የአቃቂ መሬት መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ ነዋ። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቤቱን በክረምት ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በበጋ ይለቀዋል። አዲሱ ቤት ነገ የሚሆነውን የጎረቤቱ ቤት ትናንት ሆኖታል።

ከዚያ በኋላ ነው ጉድጓድ የሚወርዱት። ከሥሩ አፈር ቆንጥረው በመዳፋቸው መካከል ያሹታል። እንደ ትል ቀጥኖ፣ ሳይበጠስ ቀለበት ከተሠራላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ገና መረሬው አላለቀም፤ ውረዱ» ብለው ይወጣሉ። የሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ወለል አርማታ፣ ሙሌት ቀን ደግሞ ባለቤቱ በግ አርዶ ሠራተኛውን ምሳ ያበላል፤ እንደ ግማሽ ምርቃት ነው። ሌላው ተቆጣጣሪ ጠዋት ሄዶ ይመጣል። ጋሽ ተሰማ ግን የሚሄዱት ከምሳ በኋላ ነበር። ክንድ የሚዝለው ያኔ ነው፤ የዛለ ክንድ አርማታው ቀጥኖ በቀላሉ እንዲፈስለት ውሃ ይጨምርበታል፤ ውሃ የበዛበት አርማታ ደግሞ ሲደርቅ ደካማ ነው። የመጨረሻው ባሬላ እስኪገለበጥ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ይቆማሉ፣ ከበጉ አይቀምሱም። እኔ ከምሳ በኋላ መሄድን ቶሎ ተማርኩ፤ ምሳውን መተው ግን ጊዜ ወሰደብኝ።

አሁን ወደ ደንቡ ልምጣ፤ የጽሑፌ ነገር እሱ ነው። ባለቤቱ መሠረቱን ቆፍሮ ይጨርስና ያመለክታል። ተራ ይያዝለታል። ተራው ሲደርስ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያል፤ ተቆጣጣሪው ከፈረመ አርማታ ይሞላል። ወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። እኛ ግን ጥቂት ነን፤ መኪናችን አንዲት ናት፤ እሷም ከመንገድ ይልቅ ጋራዥ ትወዳለች። ተራው ሳምንታት ይፈጃል። ያንን ሁሉ ጊዜ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አሸዋማ መሬት ላይ ቢሆን ግድ የለም። መረሬ ላይ ግን አንድ ዝናብ ከገባበት ደህና ሆኖ የተቆፈረው ሥር እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ቤት እንዳይሰነጠቅ ብለን ያወጣነው ደንብ ቤት ያሰነጥቅ ነበር።

ጋሽ ተሰማ ጡረታ እስኪወጡ፣ እኔም ከእሳቸው በኋላ፣ በየስብሰባው አንድ ነገር እንል ነበር፤ ቀጠሮው ይቅደም። የቁጥጥሩ ቀን አስቀድሞ ይቆረጥ። ከጉድጓዱ የመጨረሻዋ አንድ ክንድ ጥልቀት ሳትቆፈር ትቆይ። ያችን በቀጠሮው ጠዋት ቆፍሮ፣ አሳይቶ፣ ከሰዓት መሙላት ነው። የመጨረሻው ኃላፊዬ ወጣት ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ማኅተሙን ግን እንደ ልጁ ነበር የሚያቅፈው። «ጋሽ ምትኩ፣ ያልተወለደ ልጅ ያስከትባሉ እንዴ?» አለኝ በተሰበሰበ ሰው ፊት። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሰው ቀልድ ቶሎ መሳቅ የቆየ ድክመቴ ነው፤ ብዙ ሐሳብ አስቀርቶብኛል።

ዘሀራን ያወቅኋት በዚያ ደንብ ምክንያት ነው። ባሏ ሰይድ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከወሎ መጥተው በሰቃ ውስጥ ተከራይተው ልጆች አፈሩ። በኋላ ከበሰቃ አለፍ ብሎ ቦታ አገኙ። አከራያቸው ቤቱን አፍርሶ ሊሠራ ስለሆነ ክረምቱ ሲወጣ ልቀቁልኝ ብሏቸዋል። ሰይድ ከመንገድ ስለማይጠፋ ቆፋሪ የቀጠረችውም፣ ፌሮ ያሳሰረችውም፣ ማመልከቻውን ያስገባችውም እሷ ነች። ከዚያ ተራ ጠበቀች። ሰኔ ደግሞ እየመጣ ነው።

ሰማዩ ሲከብድባት የአዲሱ ሰፈሯን የዕድር ዳኛ አቶ ወርቁን ድንኳን አውሱኝ አለቻቸው። አቶ ወርቁ ደግ ሰው ናቸው። ዕድራቸው ግን የራሱ ሥርዓት አለው፤ ድንኳን ያለ አግዳሚ ወንበር ከዕቃ ቤት አይወጣም። አብረው ወጥተው አብረው ይመለሳሉ። ስለዚህ ድንኳኑ ከነመጋረጃው ጉድጓዱ ላይ ተተከለ፤ ወንበሮቹ ከመጋረጃው ፊት ተደረደሩ። ወንበር ካለ ደግሞ ሰው ይቀመጣል። ሥራ የፈቱት ቆፋሪዎች አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀመጡ።

ቀሪውን የእኛ አገር ሰው ሳልነግረው ያውቀዋል። ድንኳን አለ፣ ወንበር አለ፣ አንገቱን የደፋ ወንድ አለ። መንገደኛው ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ ይገባል፤ ተክዞ ይቀመጣል። ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ ላይ «ኧረ ጋሼ፣ የሞተ የለም፤ ቤት ሊሠራ ነው» እያሉ ይመልሱ ነበር አሉ። በኋላ ማስረዳቱ ሰለቻቸው። ሰው ሲመጣ ጠጋ ብለው ቦታ መልቀቅ ብቻ ሆነ።

እኔ የደረስኩት በዚህ መካከል ነው። ተራዋ ደርሷል፤ መኪናችን እንደ ልማዷ ጋራዥ ናት። ከሚኒባስ ወርጄ በጭቃው እየዳከርኩ መጣሁ፤ መታወቂያዬ ዝናብ ልብሴ ውስጥ ነው። ከማዕዘኑ ድንኳኑን ሳይ ክው አልኩ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። አንዱ ቆፋሪ ጠጋ አለልኝና ተቀመጥኩ። እኔም እንደ ሰዉ አንገቴን ደፋሁ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሜትርና ፕላን እየመዘዘ መሠረታችሁን አሳዩኝ የሚል ሰው ማን አሳደገው ይባላል? ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች፤ ዓይኗ ደም መስሏል። ከጎን ወደ ጉድጓዱ የሚሰርገውን ውሃ በጣሳ ስትጨልፍ ማደሯን የሰማሁት በኋላ ነው። ብድግ ብዬ «አይዞሽ ልጄ» አልኳት። ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ወጉ የሚጠይቀውን ያህል ተቀምጬ ወጣሁ። ፋይሏ ላይ «ሐዘን ላይ በመሆናቸው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ብዬ ጻፍኩና በጨዋነቴ ረክቼ ቤቴ ገባሁ። ስንት ዘመን ጉድጓድ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ከጀርባው ያለው ጉድጓድ አምልጦት።

በዚያው ሰሞን ሰፈሩ ውስጥ የምር ሰው ሞተ። በባቡሩ ዘመን መጥተው እዚያው የቀሩ አዛውንት ናቸው። ዕድሩ ድንኳኑን ፈለገ። አቶ ወርቁ ዘሀራ ዘንድ ሄደው የድንኳኑን ገመድ እያዩ ቆሙ። ገመዱን ቀድማ የፈታችው እሷ ናት። «እኔ እጠብቃለሁ፤ እሳቸው አይጠብቁም» አለቻቸው። ከሰዓት በኋላ ዶፉ ወረደ። ከላይኛው መንገድ የመጣው ጎርፍ ጉድጓዱን ሞላው፤ ጎኑ ተደረመሰ፤ የታሰረው ፌሮ ጭቃ ውስጥ ገባ።

ጫማዋ እንደጨቀየ ቢሮ መጣችና ተራዋ ለምን እንደታለፈ ጠየቀች። ፋይሉን አየሁ፤ የራሴን ጽሑፍ አየሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሐዘን ላይ ስለነበሩ መሆኑን፣ ለዚሁም እኔው ራሴ መጥቼ እንደነበር ነገርኳት።

«ማን ሞቶብኝ?» አለች።

ፊቴን አየችው፤ ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን ዝናብ ልብሴን አየችው።

«እርስዎ ነዎት? ያ አይዞሽ ያሉኝ?» አለች። «እኔኮ አንድ ሰው አዘነልኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት።»

ቢሮው በሳቅ ፈነዳ። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ጋሽ ምትኩ፣ ማን ሞተ?» ይሉኛል፤ እኔም ያላገጥኩበትን ሁሉ ዕዳ እየከፈልኩ ነው ብዬ እቀበላለሁ። የዚያን ዕለት ግን እሷም እኔም አልሳቅንም።

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን፣ ጉድጓዱ በጸዳ ማግስት ሄጄ ላየው እንደምችል ነገርኩት። ለእሷ ከተደረገ ለሁሉም ሊደረግ ነው አለኝ። ቆፍራ እንደገና ታመልክት፤ ተራ ትያዝ። ከዚያ የተናገረውን አልረሳውም። «ጋሽ ምትኩ፣ ቅጹ ላይ "ተቆጣጣሪው ተሳስቶ" የሚል ምክንያት የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቅጹን ከፍ ዝቅ አድርጌ አየሁት፤ የለም።

ሰኔ ሲያልቅ እኔም አለቅሁ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ንግግር አደረጉልኝ፣ ለስላሳ ጠጣን። የዘሀራ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ። ክረምቱን ጉድጓዷ ኩሬ ሆኖ ከረመ። መስከረም ላይ አከራዩ ቤቱን አፈረሰው። ልጆቹ ቱሉ ዲምቱ፣ የሰይድ እህት ዘንድ ገቡ። እሷ ደግሞ ፌሮና ብሎኬቷ እንዳይወሰድ እዚያው አቶ ወርቁ ግቢ አንዲት ክፍል ተጠጋች። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቿን ልታይ ሚኒባስ ስትጠብቅ አያት ነበር። ሰላም ትለኛለች፤ አትዘጋኝም። ቢዘጉኝ ይሻለኝ ነበር።

በጋው ላይ ደንቡ ተሻሻለ ተባለ። አዲሱ ደንብ ብዙ ነገር አለው፤ ማመልከቻው በኮምፒዩተር፣ ፎቶው በስልክ፤ ግማሹ አይገባኝም። መሐል ላይ ግን ቀጠሮ ከቁፋሮ በፊት ይሰጣል የሚል አለበት። ኃላፊው ለሠራተኛው ሲያብራራ ለረጅም ጊዜ ሲያስብበት የቆየ ጉዳይ መሆኑን ተናግሯል አሉኝ። ሊሆን ይችላል፤ እኔ በየስብሰባው ስለፈልፍ እሱ ዝም ብሎ ሲያስብ ነበር ማለት ነው። ጋሽ ተሰማ ቢኖሩ ብዬ ተመኘሁ። ደስ ይለኛል ብዬም ጠብቄ ነበር፤ የመጣልኝ ግን ድካም ብቻ ነው።

ደንቡ የሚሠራው ለአዲስ ማመልከቻ ነው። የዘሀራ ፋይል አሮጌው ተራ ውስጥ ተቀምጧል፤ በዚያ አካሄድ እሷ ጋ ሲደርስ ሌላ ክረምት ይገባል። ሄድኩና አሮጌውን በራሷ ፈቃድ አሰርዛ በአዲሱ እንድታመለክት መከርኳት። ብሎኬት ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ።

«አዲሱን ባይቀበሉኝስ? አሮጌውም ከእጄ ወጣ ማለት ነው?»

«አዎ፣ ወጣ ማለት ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲናገሩ ድንኳኑ ነው የሚታየኝ።»

«እኔም እሱ ነው የሚታየኝ» አልኳት። «እኔን አትመኚኝ። ቢሮ ሂጂና ኢንጂነር ሕይወትን ጠይቂያት።»

ሕይወት በእኔ ቦታ የተተካች ልጅ ናት፤ ጠረጴዛዬን ከነፋይሉ የወረሰች። ዘሀራ ጠየቀቻት፤ ለሰይድ ደወለች፤ ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ። በመጨረሻ አሮጌውን አሰረዘች። አዲሱ ተቀባይነት አገኘና ቀጠሮ ግንቦት ላይ ተቆረጠላት።

በቀጠሮው ጠዋት ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። ጉድጓዱ ከበጋው ጀምሮ ጭቃው ወጥቶ፣ በቀይ አሸዋና በድንጋይ እንዲሞላ ሰፍቶ፣ የመጨረሻዋ ክንድ ብቻ ቀርታለች። ቆፋሪዎቹ ከማለዳው ጀምረዋታል። ሚክሰሩ ቆሟል፣ ሲሚንቶው ሸራ ለብሷል፣ ከደቡብ በኩል ደመና ይቆለላል። ሕይወት በሰዓቷ ደረሰች፤ በሚኒባስ። መኪናዋ የት እንዳለች አልጠየቅሁም። ሕይወት ስትወርድ እኔም በልማድ ተከትዬ ወረድኩ።

«ጋሽ ምትኩ፣ ይውጡልኝ» አለችኝ። «ሄልሜት የሌለው ሰው እዚህ አይገባም።»

ስንቱን ባለቤት በዚህ ቃል አባርሬዋለሁ። ለመውጣት ብሞክር ጉልበቴ እምቢ አለ፤ ሁለት ቆፋሪዎች እንደ ጤፍ ጆንያ ጎትተው አወጡኝ። አንደኛው ማን እንደሞተ በጆሮዬ ጠየቀኝ።

ሕይወት በቀጭን ፌሮ መሬቱን እየወጋች ዞረች። ሁሉም ጋ ጠንካራ ነው። ጎርፉ የገባበት ማዕዘን ላይ ስትደርስ ግን ፌሮው ዝም ብሎ ሰመጠ። መዝዛ አወጣችውና ጫፉን አየች። «ይሄ ማዕዘን ጠንካራው እስኪገኝ ይውረድ» አለች። «እንዲህ እንዳለ አልፈርምም።»

ዘሀራ ደመናውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይንገሯት እንጂ። እርስዎኮ ያውቋታል። ሊዘንብ ነው፤ ዛሬ ካልሞላን ልጆቼን...» አለችና አቆመች።

እውነት ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። አንዲት ማዕዘን ናት፤ ድንጋይ ጣል ቢደረግባት ማን ያያል? ዕዳዬም ያልቃል፤ እሷም ትወደኛለች። ሕይወት ቀና ብላ እስክናገር ጠበቀች።

«ልክ ናት ልጄ። ይቆፈር» አልኩ።

ዘሀራ ቀሚሷን ሰብስባ ቋጠረችና ዶማ አንስታ ወረደች። አቶ ወርቁ ኮታቸውን አጥር ላይ ጣል አድርገው ተከተሏት። እኔ ከላይ ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ለሌላ አልጠቅምም። መረሬው እርጥብ ስለሆነ ከዶማው አይላቀቅም፤ በእጅ እየላጡ ነው የሚጥሉት። ደመናው ራሳችን ላይ ደርሶ ቆመ። የዶማው ድምፅ ድንገት ተለወጠ፤ ከታች ጠንካራው ተገኘ። ሕይወት ወርዳ በፌሮው ወጋችው፤ አልገባም አላት። ማዕዘኑ በድንጋይና በአርማታ ተሞላ፤ ፎቶ አነሳች፤ ስልኳ ላይ ፈረመች። ሚክሰሩ ሲነሳ ሰው ሁሉ ሮጠ። የመጨረሻው ተሞልቶ ሸራ ሲለብስ ቀኑ መሽቷል፤ ዝናቡም ሳይዘንብ አለፈ።

በማግስቱ ጠዋት ሕይወት ልታይ ስትመጣ እኔም ነበርኩ። ሸራው ተነሳ፤ አርማታው ጠጥሯል። ያኔ ነው ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት የጀመረው። ዘሀራ እንደ ደነገጠ ሰው ሸራውን ልትጎትት ሮጠች።

«ተይው» አልኳት። «አንዴ ከጠጠረ ወዲያ እንዳይሰነጠቅ ውሃ ይፈልጋል። ባይዘንብ አንቺ ነበርሽ በባልዲ የምታጠጪው።»

አላመነችኝም። ሸራውን በሁለት እጇ እንደያዘች ወደ ሕይወት ዞረች።

«እውነታቸውን ነው?»

«እውነታቸውን ነው» አለች ሕይወት፣ ስልኳን ከዝናቡ ወደ ጃኬቷ ኪስ እየከተተች።

ዘሀራ ሸራውን ለቀቀችው። ዝናቡ አርማታው ላይ ሲወርድ ቆማ አየች፤ ሻሿ እስኪርስ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ መንገድ ላይ ላለው ባሏ ደወለች።

«ሰይድ» አለችው፣ «እየዘነበ ነው።»